«ተበላሸች» የምንለው ማንን ነው?

አንዲት ልጅ በጉልበት ስትደፈር በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ሰፈሮች ደጋግሜ የሰማሁት ቃል «ተበላሸች» የሚል ነው። ወንጀሉን የሠራው ሌላ ሆኖ ሳለ ስሙ የሚለጠፈው በእርሷ ላይ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው እርምጃም ከዚሁ ስያሜ የተቀዳ ነው። የተበላሸ ነገር ይጠገናል ተብሎ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ አንዳንዴም ለበደላት ሰው ትዳራለች። የተጠገነው የቤተሰቡ ስም እንጂ የልጅቷ በደል አይደለም።

ሕጉም ይህን አስተሳሰብ ለረጅም ጊዜ ሲጋራው ኖሯል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተጠለፈችው ወይም የተደፈረችው ሴት በፈቃዷ በዳይዋን ካገባች ክሱ እንዲቀር ያደርግ ነበር። በፈቃዷ! ሽማግሌ በር ላይ ተደርድሮ፣ አባት አንገቱን ደፍቶ፣ ፈቃድ ከወዴት ይመጣል? ከግንቦት 1997 ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ ይህን በር ዘግቷል። ጠላፊን ጋብቻ ከክስ አያድነውም፤ አስገድዶ መድፈርም በመደበኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። (ሕጉ ድርጊቱን «ከጋብቻ ውጭ» ብሎ መወሰኑ ራሱን የቻለ ክርክር ነውና ለሌላ ጊዜ ይቆየን።)

በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ ደግሞ «አራት ምስክር የታለ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ውድ አንባቢያን፣ በሱረቱ ኑር አራት ምስክር የተጠየቀው ጥብቅ ሴቶችን በዝሙት የሚወነጅል ሰው ነው። ድንጋጌው የሴቲቱ ጋሻ ነበር፤ እኛ አንስተን ለደፋሪው አስታጠቅነው። ፓኪስታን እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣችው ሕግ ይህንኑ ብታደርግ ተደፈርን ብለው አቤት ያሉ ሴቶች ራሳቸው የዝሙት ተከሳሽ ሆነው ተገኙ፤ ነገሩ የተስተካከለው በ2006 ነው። በአንጻሩ ቲርሚዚና አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ፣ ለሶላት ስትወጣ መንገድ ላይ የተደፈረችው ሴት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቤት ስትል ምስክር ስትጠየቅ አናገኝም፤ ምሕረት ተነግሯት በነጻ ተሰናበተች። ኢማሙ ማሊክም በሙወጧእ ቅጣቱ በደፋሪው ላይ እንጂ በተገደደችው ላይ እንደሌለ፣ ደፋሪው የመሰሎቿን ያህል መህር እንደሚከፍላት አስፍረዋል። ልብ በሉ፣ ክፍያው ለእርሷ ነው፤ ካሳ እንጂ ኒካሕም አይደለም።

ከጥቅምት 2014 መገባደጃ አንስቶ ደሴና ኮምቦልቻ ለሳምንታት በህወሓት ኃይሎች እጅ ወድቀው ነበር። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በመጋቢት 2014 ባወጣው ሪፖርት በአማራና በአፋር ክልሎች በሴቶች ላይ የደረሰውን፣ በቡድን መድፈርን ጨምሮ፣ ዘርዝሯል። ያን ጊዜ «ምን ለብሳ ነበር» ያለ አልሰማሁም። ሁላችንም ወንጀል ነው አልን፤ ልክም ነበርን። ታዲያ ደፋሪው የጎረቤት ልጅ ሲሆን፣ ተበዳይዋም የማታ ፈረቃ ጨርሳ ወደ ኪራይ ቤቷ የምትመለስ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ ስትሆን ስሙ ለምን ይለወጣል? የትግራይ እህቶቻችን መደፈርስ ሲነገረን «ፕሮፓጋንዳ ነው» ያልን ስንት ነን? ሱረቱል ማኢዳ የሕዝብ ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን ያዘዘው ለእንዲህ ያለው ጊዜ አልነበረምን?

የወሎ ሽማግሌዎችና አባጋሮች በደምና በመሬት ጠብ ያቆሙት እልቂት ብዙ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። የደም ጠብ ግን በሁለት ወገን መካከል ነው። እዚህ አንድ በዳይና አንዲት ተበዳይ አሉ፤ እርሷ ደግሞ ከሽማግሌው ፊት እንኳ አትቀርብም። ስለዚህ ነገ «አስታርቁን» ተብለው ለሚጠሩ አባቶቻችን የምለው፣ ከመቀመጣችሁ በፊት ልጅቷ ሐኪም ዘንድ ደርሳ፣ ቃሏን ለፖሊስ ሰጥታ እንደሆነ ጠይቁ ነው። ኒካሕ እንዲያስር የሚጠየቀው ኢማምም ልጅቷን ለብቻዋ ሳይሰማ እጁን አያንሳ።