የተጣለ ዕቃ ባለቤቱ ማን ነው?

ባልባላ ውስጥ እንጀራ እየጋገረች በምትሸጥ በአንዲት የአገሬ ልጅ ቤት፣ የፍሪጅ እጀታ ላይ በሲባጎ የታሰረ አንድ እግር የላስቲክ ጫማ አየሁ። ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። «ይነዝራል ጋሼ፤ በጫማው ይዘን ነው የምንከፍተው» አለችኝ። ፍሪጁን የሰጠኋት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ አዲስ ፍሪጅ ገዛሁ። አሮጌው ገና ያቀዘቅዝ ነበር፤ ነገር ግን ጨው ያዘለው የባሕር አየር ከሥሩ በልቶታል፤ እርጥብ እጅ ሲነካውም ይነዝራል። እኔና ባለቤቴ ይህን ስለምናውቅ ያለ ጫማ አንጠጋውም ነበር። ለዚያች ልጅ ስሰጣት ግን ይህን አልነገርኋትም። ረስቼ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ አልረሳሁም። «ብነግራት ትፈራለች፤ ያለ ፍሪጅ ከመቅረት ደግሞ ይሻላታል» ብዬ ራሴን አሳመንሁ። የጭነቱን ሒሳብ ከኪሴ ከፍዬ ላክሁላት፤ ያን ሌሊት የተኛሁት የጻድቅ እንቅልፍ ነበር።

ጫማውን ባየሁ ዕለት «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኋት። «ሰጥተውኝ ደግሞ ምን ብዬ?» አለች። የስድስት ዓመት ልጇ አጠገቧ ቆሞ ነበር። ፍሪጅን በጫማ መክፈት ለእርሱ እንደ ማንኛውም የቤት ወግ ሆኖበታል።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ያቺ አጭር መልስ ናት። የገዛ ሰው ዕቃው ቢበላሽበት ሻጩን ይሞግታል። ለምኖ የወሰደም ቢሆን «ይኸኛው አይሆነኝም» ማለት ይችላል። ሳይጠይቅ የተሰጠው ሰው ግን አፉ የታሰረ ነው፤ ቢናገር ምስጋና ቢስ ይባላል። እንግዲያው ያ ፍሪጅ ከቤቴ በወጣ ጊዜ የማን ሆነ? የእርሷ ነው እንዳልል፣ ምን እንደተቀበለች አላወቀችም። የእኔ ነው እንዳልል፣ መርቄ ሸኝቼዋለሁ።

ሕግ ለዚህ ጥያቄ ቶሎ መልስ ይሰጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ባለቤት የሌለውን ተንቀሳቃሽ ዕቃ የራሱ ሊያደርገው አስቦ የያዘ ሰው ባለቤት እንደሚሆን ይደነግጋል። ጣይ ጣለ፣ አንሺ አነሣ፣ ነገሩ አለቀ። ይህ ለወንበርና ለሣጥን የሚበቃ ይመስለኛል። ነገር ግን በውስጡ ጉዳት ለተሸሸገበት ዕቃ ከዚህ እጅግ የቀደመው የኦሪት ሕግ ጠልቆ ያየ ነው። በዘጸአት መጽሐፍ ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድነው የሄደ ሰው፣ የባልንጀራው በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት ዋጋውን እንዲከፍል ተደንግጓል። የሚጠየቀው ጉድጓዱን የከፈተው ሰው ነው። እዚያው ምዕራፍ ላይ ስለ ወጊ በሬም ተነግሯል፤ የበሬውን ጠባይ ያላወቀ ባለቤትና ተነግሮት እያወቀ ዝም ያለ ባለቤት እኩል አይጠየቁም። የእኔ በሬ ወጊ እንደነበረ አውቅ ነበር። በዚህች ከተማ አብረውን የሚኖሩ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደግሞ የሚጎዳን ነገር ከመንገድ ላይ ማንሣት እንደ ምጽዋት እንደሚቆጠር ከልጅነታቸው ጀምሮ ይማራሉ። ማንሣቱ ምጽዋት ከሆነ፣ ማስቀመጡ ምን ሊባል ነው?

በቋንቋችን «አውጥተህ ጣለው» እንላለን። ማውጣት ከአንድ ውስጥ ወደ አንድ ውጭ ነው፤ በጂቡቲ ከተማ ግን ይህ ውጭ የሚባለው ነገር የት እንዳለ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። የእኔ ግንብ ካበቃበት የጎረቤቴ ደጃፍ ይጀምራል። የአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ባዶ መሬት መስሎን የማይጣልበት የለም፤ ነገር ግን ዝናብ የጣለ ዕለት ወንዙ ወንዝ መሆኑን ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2004 የደረሰው ጎርፍ ብዙ ነፍስ ያጠፋ ስለነበር የቀድሞ ነዋሪዎች ዛሬም አይረሱትም። በአሸዋው ላይ የተጣለውን ሁሉ ጎርፍ ጠርጎ ወደ ባሕር ያወርደዋል፤ ከዚያ ባሕር ደግሞ ዓሣ እንበላለን። የጽዳት መኪና ያነሣው ከከተማው በስተደቡብ ወደ ዱዳ ይሄዳል። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ይህን የቦታ ስም በሰማን ቁጥር ፈገግ ማለታችን አይቀርም፤ በእኛ አፍ ዱዳ መናገር የተሳነው ነውና። የጣልነውን ተቀብሎ ስለ እኛ አንዲት ቃል ለማንም የማይናገር ቦታ!

አገር ቤት ሳለን ይህ ሁሉ አያሳስበንም ነበር። የአዲስ አበባን ጠዋት የሚያስታውስ ሰው «ቆራሌው!» የሚለውን ጥሪ ያስታውሳል። ቆርቆሮ፣ ጠርሙስ፣ የተቀደደ ጫማ፣ ሁሉም ዋጋ ነበረው። ልዋጭ የሚሉት አሮጌ ልብስ ወስደው ሳህንና ብርጭቆ ይሰጡ ነበር፤ እናቶቻችንም ደጃፍ ቆመው ስለ አንድ ካፖርት ግማሽ ቀን ይከራከራሉ። የተሰበሰበው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይወርዳል፤ በርሜሉ ምድጃ፣ የመኪናው ጎማ ጫማ ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ ሥርዓት ሳስብ የምወድደው ቁጠባውን ብቻ አይደለም። በዚያ ክርክር ውስጥ የዕቃው ነውር በግልጥ ይነገር ነበር። ቆራሌው ብረት ድስቱን ገልብጦ አይቶ፣ በጥፍሩ መትቶ «ተሰንጥቋል» ይላል፤ በሰጪና በተቀባይ መካከል የሚደበቅ ነገር አይኖርም። እርሱ ገዢ ስለሆነ አፉ አልታሰረም።

ነገር ግን ያንንም ዘመን ከሚገባው በላይ እንዳላሞግሰው እፈራለሁ። ቆራሌው የማይፈልገው ሁሉ የሚሄደው ወደ ቆሼ ነበር። ቆሼ ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባን ጥራጊ ሲቀበል የኖረ ተራራ ነው፤ በግርጌውም በላዩም ሰዎች ይኖሩ፣ ከጥራጊው የሚሸጥ ነገር እየለቀሙ ያድሩ ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2017 ተራራው ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሦስት ቀን የሐዘን ቀን ታወጀ። እኛም እዚህ ሆነን በቴሌቪዥን እያየን አለቀስን። ያ የተደረመሰው ክምር ከሰማይ አልወረደም፤ በየቤቱ «አውጥተህ ጣለው» ከተባለው ተጠራቅሞ የተሠራ ነው። የእናቴ ቤት ጥራጊም እዚያው ነበር።

አሁን የቤቶቻችን ዕቃ ከድስትና ከካፖርት አልፏል፤ በዓይን ታይቶ፣ በጥፍር ተመትቶ ነውሩ የሚታወቅ አይደለም። የመኪና ባትሪ እርሳስና አሲድ ይዟል። ረጅሙ የመብራት ዘንግ ሲሰበር በውስጡ ያለው ሜርኩሪ ይተናል። የኤሌክትሪክ ሽቦን ለመዳቡ ሲሉ የሚያቃጥሉ ልጆች የሚተነፍሱት የፕላስቲኩን ጭስ ነው። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም በደግነት ስም ከቤት ቤት ይዞራል፣ «ለእኔ ጠቅሞኛል፣ ውሰጂው» እየተባለ። ስለ ፍሪጅ ካነሣን አይቀር፣ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1956 በሩ ከውስጥ ተገፍቶ መከፈት አለበት የሚል ሕግ ያወጡት፣ በተጣሉ ፍሪጆች ውስጥ ሕፃናት ለድብብቆሽ እየገቡ በሩ ተቆልፎባቸው ታፍነው ይሞቱ ስለነበር ነው። እነዚያን ፍሪጆች የጣሏቸው ሰዎች ነፍሰ ገዳዮች አልነበሩም። ጓሮ ማጽዳታቸው ነበር።

እኔ በባልባላዋ ልጅ ላይ ያደረግሁትን መንግሥታትና ኩባንያዎችም እርስ በርሳቸው ያደርጉታል። ጂቡቲ ራሷ ይህን ቀምሳለች፦ እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ ኢትዮጵያ ሊሻገር የነበረ የእንጨት ምሰሶ ማከሚያ ኬሚካል፣ አርሴኒክና ክሮሚየም ያለበት፣ በወደቡ ላይ አፈሰሰ። የእኛ አገር ምሰሶ እንዲቆይ የታዘዘ መርዝ የጎረቤታችንን ወደብ በከለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ፕሮቦ ኮአላ የተባለች መርከብ ያመጣችው ዝቃጭ አቢጃን ከተማ ውስጥ በየቦታው ተደፍቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሐኪም ዘንድ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1989 የተፈረመው የባዝል ስምምነት እንዲህ ላለው ነገር ያበጀው መላ፣ አደገኛ ጥራጊ ድንበር ከመሻገሩ በፊት ተቀባዩ አገር ምን እንደሚመጣበት ይነገረው፣ አውቆም በጽሑፍ ይስማማ የሚል ነው። ስምምነቱን ባነበብሁ ጊዜ አፈርሁ። በሁለት መንግሥታት መካከል እንዲኖር የተጠየቀው፣ እኔ ለአንዲት እህቴ በቃል ልናገረው ያልፈቀድሁት ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወዳጄ ተቆጥቶኛል። «አንተ የጠገብህ ሰው ፍልስፍና ነው ይህ» አለኝ። «በ40 ዲግሪ ሙቀት ቀዝቃዛ ውኃ የሌላት ሴት ስለ ንዝረት ስምምነት አትፈርምም። የዱዳ ለቃሚም ብረቱ ንጹሕ ይሁን አይልህም፤ ብረቱ ይቅርብኝ ግን አይልም። እናንተ ስትጠነቀቁ የድኻ እንጀራ ይጎድላል።» ይህ ቀላል ሙግት አይደለም፤ ግማሹን እቀበላለሁ። ዕቃ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ማለፉ መልካም ነው፤ ግቢ ውስጥ ዝጎ ከሚቀር ሺህ ጊዜ ይሻላል። ነገር ግን ወዳጄ ችግረኛ መሆንንና ለመምረጥ አለመቻልን አንድ አደረጋቸው። ነግሬያት ቢሆን ኖሮ ምን ታደርግ ነበር? ምናልባት እንደዚያው ትወስደው ነበር። ምናልባት ግን የመሬት ሽቦ የሚያበጅላት ሰው ትፈልግ ነበር፤ ወይም «ጋሼ፣ አሠርተው ይስጡኝ» ትለኝ ነበር። ይህችን የመጨረሻይቱን ነው የፈራኋት ብዬ አሁን እጠረጥራለሁ። ዝም ያልሁት ለእርሷ አዝኜ ሳይሆን ለጥገና የሚወጣውን ጥቂት ሺህ ፍራንክ ሸሽቼ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን በሄድንበት እድር እናቋቁማለን። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱና ወንበሩ የጋራ ነው፤ ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይመለሳል፣ የተሰበረው ይመዘገባል። ለለቅሶ ይህን ያህል ሒሳብ የምንጠብቅ ሰዎች በዓመት አንድ ቅዳሜ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ጠርተን፣ ከየቤታችን የሚወጣውን ዕቃ አስመርምረን፣ ነውሩን በወረቀት ጽፈን ለጥፈን ለፈላጊው ብንሰጥ ምን ይከብደናል? ባትሪውና መድኃኒቱ ተለይቶ ቢቀመጥስ? የሚረከበን እስኪገኝ ድረስ መቆየቱ ያስቸግራል፤ መቸገሩ ግን በልጆች እጅ ላይ ሳይሆን በእኛ ላይ ይሆናል።

ፍሪጁን በማግስቱ ልወስደው ሄድሁ። አልሰጥም አለች። በዚያው ክረምት ሞተሩ ጸጥ ብሎ ነበርና ዱቄት ልታስቀምጥበት አስባለች፤ አይጥ አይገባበትም። በሩን ልነቅል ብል አይጡ ሊገባ ነው፤ ልተወው ብል ልጁ አለ። ከአንድ ጠጋኝ ጋር ሆነን ሽቦውን ቆርጠን ጣልን፤ በሩን አጣብቆ የሚይዘውን ባለ ማግኔት ጎማ ነቅለን በምትኩ ከውስጥ ቢገፋ የሚለቅ ቀጭን ላስቲክ አደረግን፤ ጎንና ጎኑን በስተን በወንፊት ሸፈንነው። ልጁ ገብቶ በሩን ሲገፋው እናቱ ቆማ አየች።

ጋዙ ቀድሞ ተንኖ ማለቁን ጠጋኙ ስለነገረኝ ሞተሩን አስነቅዬ ወደ ቤቴ ወሰድሁት። ዘይት ስላለበት በላስቲክ ጠቅልዬ ግቢ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። አሮጌ ብረት የሚገዛ አንድ ሰው በየሳምንቱ ያልፋል፣ ሞተሩንም ባየ ቁጥር ዋጋ ይጨምርልኛል። እኔም ዘይቱን የት እንደሚደፋው እጠይቀዋለሁ። ይስቃል፤ በእጁም ወደ አምቡሊ ያመለክተኛል።