ከሰሉና ጭንብሉ

እዚህ ልደታ ከሰል በገዛሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል። ከሰል በልዩ ዘዴ ሲዘጋጅ በዓይን የማይታዩ እልፍ ቀዳዳዎች ይኖሩታል፤ መርዛማ ጋዝ በገጻቸው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የወታደር ጭንብል የሚሠራው በዚህ ነው። «መከላከያ የሚመራመር ሰው ምን ወንጀል አለበት?» ይባላል። ጭንብል የያዘ ጦር ግን መርዝ ለመርጨት ይደፍራል። በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ፣ የ1925ቱን (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ስምምነት ፈርማ ሳለ፣ በአውሮፕላን የሰናፍጭ ጋዝ ስታዘንብብን አብዛኞቹ ወገኖቻችን ጭንብል አልነበራቸውም። ቢኖራቸውስ? ይህ መርዝ ቆዳን ያቃጥላል፤ አብዛኛው ዘማች ደግሞ ባዶ እግሩን ነበር። ስለዚህ ተመራማሪው «እኔ መከላከያ ብቻ ነው የምሠራው» ሲለኝ አልቀበለውም፤ ለማን እንደሚሠራ ይንገረኝ። ምርምሩ ይቁም ግን አልልም። ያው በልዩ ዘዴ የተዘጋጀ ከሰል በሐኪም ቤት መርዝ የጠጣን ሰው ያተርፋል።