ሳሩን ካየህ ገደሉንም እይ

ልጄ፣ ቶሮንቶን ለቅቀህ ከነቤተሰብህ ወደ ሪጃይና ለመሄድ ማሰብህን ሰማሁ። ሐሳቡን አልነቅፍም። ከደመወዝህ ግማሹን ለቤት ኪራይ ገብረህ፣ በሁለት ሥራ መካከል እየሮጥህ፣ ልጆችህን ተኝተው ብቻ የምታይበት ኑሮ ዕድሜ ይበላል። ነገር ግን «በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነውና፣ ጓዝህን ከመጠቅለልህ በፊት አድምጠኝ።

ሳሩ ለምለም መሆኑን እኔም እመሰክራለሁ። ሪጃይና የካናዳው የሳስካችዋን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት፤ በ2021 ቆጠራ ነዋሪዋ 226,404 ነበር። በቶሮንቶና አካባቢዋ ለአንድ ቤት ሚሊዮን ዶላር ሲጠየቅ፣ እዚያ በሲሶው ገደማ ግቢ ያለው ቤት ይገኛል። መሠረታዊው የመኪና ኢንሹራንስ ከታርጋው ጋር በመንግሥት ድርጅት ስለሚሸጥ በአብዛኛው ቶሮንቶ ካለችበት ከኦንታሪዮ ይቀላል። ከ6 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ፈቃድ ባላቸው የሕፃናት መዋያዎች ክፍያው ከ2023 ጀምሮ በቀን 10 ዶላር ነው፤ ወረፋ ስላለ ግን ዛሬውኑ አስመዝግባቸው።

ገደሉን ደግሞ ልንገርህ። በመጀመሪያ፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንዳይሆንብህ፣ እዚያ ሥራ ሳትይዝ የያዝከውን አትልቀቅ። ባለቤትህ ነርስ ናትና የሙያ ፈቃዷን የሚሰጠው ክፍለ ሀገሩ ነው፤ የኦንታሪዮው እዚያ እስኪጸድቅላት ጊዜ ይወስዳል። ቀድማ ትጀምር።

ቤት ስትከራይ ዋጋውን ብቻ አትጠይቅ። ሌሊቱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ በሚወርድበት አገር ማሞቂያው ከኪራዩ ጋር ነው ወይስ ለብቻ? መስኮቱ ነፋስ ያስገባል? «ያለፈውን የጃንዋሪ የጋዝ ቢል አሳዩኝ» በል። አሮጌ ቤት በኪራዩ ያተረፍከውን በማሞቂያ ሊያስመልስህ ይችላል። የጋዙን ሂሳብ በየወሩ እኩል አካፍሎ የመክፈል አሠራር ስላለ ተመዝገብ። በኦንታሪዮ ለአብዛኞቹ የቆዩ ቤቶች የኪራይ ጭማሪ በየዓመቱ ጣሪያ ይወጣለታል፤ በሳስካችዋን ጣሪያ የለም። ስለዚህ ቢያንስ የአንድ ዓመት ውል ተፈራረም።

መኪና ያስፈልግሃል። የሳስካችዋን የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ድርጅት በ2017 ተዘግቷል፤ ግሬይሃውንድ የተባለው የአውቶቡስ ድርጅትም በ2018 ከምዕራብ ካናዳ ወጥቷል። ሳስካቱን 260 ኪሎ ሜትር፣ ዊኒፔግ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ነገር ግን ሞተሩን በኤሌክትሪክ የምታሞቅበት ገመድ ያለው፣ በብርድ የሚነሳ ደህና አሮጌ መኪና ይበቃሃል። ኪራዩ ቀለለልኝ ብሎ አዲስ መኪና በሰባት ዓመት ብድር መውሰድ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ርካሽ ከተማ ሀብታም አታደርግህም፤ የምትሰጥህ ልዩነቱን ነው። ያ ልዩነት በመጀመሪያው ወር ሥራ ካልተሰጠው በሁለተኛው ወር የት እንደገባ አታውቀውም። ደመወዝህ በገባ ዕለት ራሱ እየተቆረጠ የሚቀመጥበትን አካውንት ክፈት። ለልጆችህ የትምህርት ቁጠባ ብታስቀምጥ፣ መንግሥት በየዓመቱ በመጀመሪያው 2,500 ዶላር ላይ 20 በመቶ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ልጅ 500 ዶላር ይጨምርልሃል። መንግሥት ለልጆች የሚከፍልህ ድጎማ እንዳይቋረጥ አንተም ባለቤትህም በየዓመቱ ታክስ አስገቡ። አገር ቤት ያሉ ዘመዶችም «ርካሽ ከተማ ገባ» ሲባል ብዙ የተረፈህ ይመስላቸዋልና፣ የምትልከውን ከባለቤትህ ጋር ወስነህ በፍቅር ንገራቸው። እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር።

አንድ ወጪ ግን በቢል አይመጣም፤ ብቸኝነት ነው። ወገን በናፈቀው ቁጥር ወደ ቶሮንቶ ትኬት የሚቆርጥ ሰው ያተረፈውን ኪራይ ለአየር መንገድ ይከፍላል። ምጣድህን ይዘህ ሂድ፤ እንጀራ ከሌላ ከተማ እያስጫንክ አትኑር። እዚያ ያሉትን ወገኖች ፈልገህ ቡና ጥራቸው፤ ጥቂትም ብትሆኑ ዕቁብና ዕድር ጀምሩ፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው። የፈረንጁን ጎረቤትህንም በረዶ ስትጠርግ ደጃፉን ጥረግለት። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው መኪናህ በብርድ እምቢ ባለ ጠዋት ይገባሃል።

እንግዲህ እሄዳለሁ ካልክ ተዘጋጅተህ ሂድ። የገባህበት ቤት የሞቀ ይሁን፤ እጅህ አይጠር፤ ልጆችህ በፊትህ ይደጉልህ፤ ከሰው በታች አያድርግህ። አሜን በል።