ሦስት ጣት

የነርስ ሦስት ጣቶች በታማሚ የእጅ አንጓ ላይ ያርፋሉ። ቦታው ከአውራ ጣት ሥር ትንሽ ወረድ ብሎ፣ አጥንቱ ዳር ያለችው ለስላሳ ጎድጓዳ ናት። ጠበቅ ካደረጉት ደም ሥሩ ይታፈናል፤ ከላላም ምንም አይሰማም። በሁለቱ መካከል ባለችው ጠባብ ልክ ላይ የሰው ልብ ከደረቱ ርቆ ይገኛል።

አውራ ጣት ወደዚያ አይቀርብም። የራሱ ብርቱ ትርታ ስላለው፣ በእሱ የሚቆጥር ሰው የታማሚውን ልብ ትቶ የራሱን ሊቆጥር ይችላል። ተማሪዎች ይህን ገና ከጅምሩ እንደ ተራ ደንብ ይማሩታል። ቆም ብሎ ላየው ግን ከደንብ የጠለቀ ነገር አለበት፤ የሌላውን ልብ ለመስማት ከራስ አካል ዝም ሊል የሚችለውን መርጦ ማቅረብ ያስፈልጋል።

ዝም ማለት ደግሞ ቀላል አይደለም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ ተረኛዋ ከምሽት ጀምሮ አልተቀመጠችም። ወገቧ ዝሏል፣ እግሯ አብጧል። አንዱ አልጋ ላይ ጉልኮሱ አልቋል፣ ሌላው ላይ የሕመም ማስታገሻ ሰዓቱ ደርሷል። በር ላይ የቆመ አስታማሚ «ሲስተር፣ እባክሽ አባቴን እዪልኝ» ይላል፤ ድምፁ ውስጥ ልመናም ቁጣም አለ። ቤት ትታው የመጣችው ልጇ ሲያስለው ነበር። ይህ ሁሉ በውስጧ እየመታ አልጋው አጠገብ ትደርሳለች፤ ጣቶቿን ስታሳርፍ ግን ለአንድ አፍታ ሁሉንም ጋብ ታደርገዋለች። መርፌ ከመውጋትም፣ ቁስል ከማጠብም ይልቅ የሥራው ክብደት ያለው እዚህ ይመስለኛል። ይህ ሥራ በካርድ ላይ አይጻፍም፣ በደመወዝም አይታሰብም።

ትርታው ወጥ ከሆነ ሠላሳ ሰከንድ ተቆጥሮ በሁለት ይባዛል፤ የሚዘል ከሆነ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል። በእረፍት ላይ ላለ አዋቂ ከ60 እስከ 100 ደህና ነው። ጣት የሚያገኘው ግን ቁጥር ብቻ አይደለም። ቆዳው ይግላል ወይስ ቀዝቅዟል? ላብ ወጥቶታል? ትርታው ሙሉ ነው ወይስ እንደ ክር ቀጥኗል? ጣት ላይ የሚሰካው ትንሽ መሣሪያ ቁጥሩን ፈጥኖ ያወጣል፤ ውለታው ብዙ ነው። እጅ ሲቀዘቅዝ ግን እሱም ይሳሳታል።

ቆጠራው ሲጀመር አንዲት አስታማሚ ፔርሙዟን እንደያዘች ትቆማለች። አልጋው ላይ ያሉት እናት ዓይናቸውን ከነርሷ ፊት አይነቅሉም። ለእርሳቸው ይህ ምርመራ አይደለም፤ በሌሊት እጃቸውን የያዘላቸው ሰው ተገኝቷል። ቆጠራው ካለቀ በኋላም እጃቸውን አይስቡም። ነርሷም ጊዜ ሳይኖራት ወዲያው አትለቅም። «ተባረኪ ልጄ» ይሏታል። ለዚህች ቃል ብለው ስንቶች በዚህ ሥራ እንደቆዩ ማን ያውቃል?

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ወደ አገራችን ሲገባ ጣቶቹ በድርብ ጓንት ተሸፈኑ። ፊት በጭምብልና በመነጽር ተሰወረ። ትርታ ከላስቲክ ማዶ ተፈለገ፤ ዘመድ በማይገባበት ክፍል ጓንት ያጠለቀው እጅ ብቸኛው የሰው እጅ ሆነ።

አንጓ ማዕረግ አያውቅም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራለች። የሕፃን ልብ ፈጣን ነው፤ አራስ ሲሆን በደቂቃ ከመቶ በላይ ይመታል፤ እሱን ሳይስቱ መከተል ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ያንን ትዕግሥት ከባዕድ ሕፃናት አልጋ አጠገብ ተማረች። ነሐሴ 1934 ዓ.ም. ለቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት ስታርፍ ገና 22 ዓመቷ ነበር።

አንዳንድ ጊዜ ጣቶቹ ያርፉና ምንም አይሰማም። ነርሷ ትንሽ ታዛውራቸዋለች፤ ወደ አንገት ትሄዳለች፤ ሐኪም ትጠራለች፤ ደረት ይጫናል። ካልተመለሰ ዓይን የሚከድነውም ያው እጅ ነው። ከዚያ ታጥባ ወደ ቀጣዩ አልጋ ትሄዳለች፤ እዚያ ያለው ታማሚ ስለ ጎረቤቱ ከፊቷ ሊያነብ ይሞክራል፤ ጣቶቿም እንደገና ዝም ማለት አለባቸው። ይህን እንዴት እንደሚችሉት ባየሁ ቁጥር እገረማለሁ።

ማለዳ ርክክብ ላይ ቁጥሮቹ ከካርድ ይነበባሉ። «ስምንት ቁጥር፣ ትርታቸው 88፣ ሙቀት የላቸውም» ትላለች የሌሊቷ ተረኛ። ቀጥላም ካርዱ ላይ የሌለውን ትጨምራለች፦ «ግን እጃቸው ደስ አላለኝም፤ ቶሎ ቶሎ እዩአቸው።» ተረካቢዋ ለምን ብላ አትጠይቅም። ዙሩን ከስምንት ቁጥር ትጀምራለች።