ከኋላ በኩል ያለው በር

ሥራዬ በካርቶን፣ በቀጭን ጣውላና በኮላ የሕንፃ ሞዴል መሥራት ነው። ብዙውን ጊዜ የምሠራው ገና ያልተገነባውን ነው፤ ቦዲያምን ግን ማንም ሳያዘኝ መቶ እጥፍ አሳንሼ ሠራሁት።

ቦዲያም በደቡብ እንግሊዝ፣ በምሥራቅ ሰሴክስ፣ ከሮዘር ወንዝ አጠገብ ያለ ግንብ ነው። አራት ማዕዘን ነው፤ በየማዕዘኑ ክብ ማማ አለው፤ ዙሪያውን የያዘው ሰፊ ውኃ ደግሞ ከኩሬ የበቀለ ያስመስለዋል። ውስጡ ግን ባዶ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከእንግሊዞች የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ፈረሰ። እ.ኤ.አ. በ1829 ጆን ፉለር የሚባል ባለጸጋ ገዝቶ ጨርሶ ከመጥፋት አተረፈው፤ ሎርድ ከርዘን ጠገነው፤ በ1925 ሲሞትም ለቅርስ ጠባቂው ማኅበር ለናሽናል ትረስት ተናዘዘው።

ሞዴል የፈረሰውን ይመልሳል። ጣሪያውን ከደንኩ፣ አዳራሹን ከወጥ ቤቱ ለየሁ፣ ከሃያ በላይ የሆኑትን መጸዳጃዎች (ሁሉም ወደ ውኃው ይወርዱ ነበር) አንድ በአንድ ቀረጽኩ። እንዲህ ሲሠሩ ባለቤቱን መውደድ ይመጣል። ቤቱን እንዲህ አስቦ ያሠራ ሰው ክፉ ሊሆን አይችልም ያሰኛል። በምሥራቅ በኩል የጸሎት ቤቱ ትልቅ መስኮት በውጭው ግድግዳ ላይ ተከፍቷል፤ ሊቃውንቱም በዚህና በመሰል ነገሮች ግንቡ ምሽግ ነው ወይስ የመኳንንት መታያ እያሉ ሲከራከሩ ኖረዋል። እኔን የያዘኝ ግን ገንዘቡ ነው።

ሰር ኤድዋርድ ዳሊንግሪጅ ግንቡን እንዲሠራ ንጉሥ ሪቻርድ ሁለተኛ የፈቀደለት በ1385 ነው። ምክንያቱ አገሩን ከጠላት መጠበቅ ነበር፤ ፈረንሳዮች በአቅራቢያው ካሉት ከተሞች በ1377 ራይን፣ በ1380 ዊንቸልሲን ወርረዋልና ሥጋቱ እውነት ነበር። መሬቱ ከሚስቱ ከኤልሳቤጥ ዋርዲዩ የመጣ ነው። ሰውየው ራሱ ግን በወጣትነቱ ፈረንሳይ አገር በእንግሊዛዊው የጦር አለቃ በሮበርት ኖልስ ሥር ዘምቶ ሀብት ይዞ ተመልሷል። ኖልስ ባለፈበት መንደር ሁሉ ተቃጥለው የቀሩትን የቤት ግንቦች ሰዎች "የኖልስ የጳጳስ አክሊል" ይሏቸው ነበር። ቃጠሎን ለመከላከል የተሠራው ግንብ፣ ቢያንስ በከፊል፣ በቃጠሎ ገንዘብ ተሠራ ማለት ነው።

ዳሊንግሪጅ ይህን አልሸሸገም። ከዋናው በር በላይ የራሱና የዘመዶቹ አርማ አለ፤ በስተደቡብ፣ ከኋላው በር በላይ ደግሞ የኖልስ አርማ በድንጋይ ተቀርጿል። በእኔ ሞዴል ላይ ያ አርማ ከጣት ጥፍር ያንሳል። በዚህ መጠን እንዲህ ያለውን ነገር መተው የሙያው ልማድ ነው፤ ማንም አይጠይቅም። እኔ ግን በዚህች ቁራጭ ላይ ብዙ ቆየሁ።

የተዘረፈ ገንዘብ ጸሎት ቤት ሲሆን ይነጻል? ኖልስም በፖንቲፍራክት ለድሆች መጦሪያ አቁሟል። በወንጌል ያለው ዘኬዎስ ግን ያደረገው ሁለት ነገር ነው፦ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች፣ የበደላቸውን ደግሞ አራት እጥፍ ለራሳቸው ለተበደሉት። አንዱ ሌላውን አይተካም። ምጽዋት የሰጪው ገንዘብ ነው፤ የዘረፋ ገንዘብ ግን ባለቤት አለው። ቤቱ የነደደበት የፈረንሳይ ገበሬ በምሥራቁ መስኮት ምንም አልተመለሰለትም። እግዚአብሔር በዚያ የቆመውን ሰው ጸሎት አይሰማም ለማለት አልደፍርም። የገበሬውንም እንደሚሰማ ግን አምናለሁ።

ሞዴሉን ያየ አንድ ወዳጄ፣ "ወንድሜ፣ በዘመኑ ወግ ምርኮ የማራኪው ነበር፤ በእኛ ሕሊና ለምን ትፈርድበታለህ?" አለኝ። የእኛ ሕሊና አይደለም አልኩት። በግፍ የተወሰደ ካልተመለሰ ንስሐ እንደማይሞላ ያስተማረችው የራሱ የዳሊንግሪጅ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ከእኔ ስድስት መቶ ዓመት በፊት። አርማውንም ቀርጬ ለጠፍኩት፤ ሞዴሉንም የማስቀምጠው የደቡቡን በር ወደ ተመልካች አዙሬ ነው።