የእናት ልጅ ሲጣላ

«የእናት ልጅ ሲጣላ፣ እውነት ይመስላል ለሌላ።» ለዕርቅ የተቀመጠ ሽማግሌ ይህን ሳይል አይነሳም። ፍቺው ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፦ አንድ ማሕፀን የተጋሩ ሰዎች ቢሰዳደቡም ቢኮራረፉም ጠባቸው ከአንገት በላይ ነው፤ ነገ ይታረቃሉ። የሚደነግጠውና ጎራ ለይቶ የሚገባው ባዳ ብቻ ነው፤ ኋላ የሚያፍረውም እሱው ነው። ጠቡ የሠርግ ጥሪ ወይም «እማዬን ማን ያስታምም» ሲሆን ተረቱ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። የውርስ ቤት ሲሆን እኔ እንኳ እጠራጠራለሁ፤ ልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ አንድ ጠዋት የቆመ ሰው ይመስክር።

ፖለቲካ ሲሆንስ?

ነገሥታቱ በዚህ ተረት አላመኑም። ወንድሞቻቸውንና የወንድሞቻቸውን ልጆች አምባ ግሼን ላይ አስቀምጠው በዘበኛ ያስጠብቁ ነበር፤ የጎንደሮቹም ወህኒ አምባን ለዚሁ ሥራ አዋሉት። ዙፋን ያለበት ጠብ ለባዳ ብቻ ሳይሆን ለራሱ ለወንድምም እውነት መሆኑን ያውቁ ነበር። ትዳርም ቢሆን አልተረፈም። ዘውዲቱ በ1909 ንግሥተ ነገሥታት ሲባሉ ባላቸው ራስ ጉግሣ ወሌ ከጎናቸው ተነጥለው ወደ በጌምድር ተሸኙ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ራስ ጉግሣ ከአዲስ አበባ ከተላከው ጦር ጋር አንቺም ላይ ገጥመው ወደቁ፤ ንግሥቲቱም በሁለተኛው ቀን ዐረፉ።

«የመኳንንት ነገር ነው፣ ተራው ሰው ምን አለበት» የሚል ካለ ከቂርቆስ ክፍለ ከተማ ሳይወጣ መልሱን ያገኛል። የዛሬው መስቀል አደባባይ በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ነበር፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሚያዝያ 1969 ቀይ ሽብርን ሲያውጁ ደም የመሰለ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች የሰባበሩት እዚያ ነው። የዘመኑ ሁለት ፓርቲዎች፣ ኢሕአፓና መኢሶን፣ በምን እንደተፋጁ ዛሬ ለሃያ ዓመት ልጅ ማስረዳት አበሳ ነው። ሁለቱም «መሬት ላራሹ» ካለው የተማሪዎች ንቅናቄ የወጡ ናቸው፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት መጽሐፍ አንብበዋል፤ ሁለቱም ስለ ሰፊው ሕዝብ ይምላሉ። መኢሶን ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» እንስጥ አለ፤ ኢሕአፓ «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት» ይቋቋም አለ። በአንድ ጣሪያ ሥር ታላቅዬው የመኢሶንን «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» ሲያነብ ታናሽዬው የኢሕአፓን «ዴሞክራሲያ» ፍራሽ ሥር ይሸሽጋል። በ1969 መጀመሪያ የመኢሶኑ ፍቅሬ መርዕድ በጥይት ተገደሉ። በመጋቢት የቤት ለቤት አሰሳ መጣ። በነሐሴ ደግሞ ራሱ መኢሶን ከደርግ ተጣልቶ ኅቡዕ ገባ። የመኢሶኑ መሪ ኃይሌ ፊዳም፣ የኢሕአፓው የቀድሞ መሪ ብርሃነ መስቀል ረዳም መጨረሻቸው በዚያው በደርግ እጅ መጥፋት ሆነ።

ተረቱን ሳላምጠው እዚህ ቦታ ላይ ይቆረቁረኛል። በእራት ሰዓት ወንድም ወንድሙን «ባንዳ» ቢለው፣ ወንድሙም «አናርኪስት» ብሎ ቢመልስለት፣ እናት «እስቲ መጀመሪያ ብሉ» ብላ ታሳልፈዋለች። ጠቡ እዚያው ትሪው ዙሪያ ቢቀር ኖሮ የአበው ቃል ልክ ይሆን ነበር። ግን ወጣ። ቀበሌው የራሱ አብዮት ጥበቃ፣ የራሱ ማሰሪያ ክፍል ነበረው፤ በስብሰባ ፊት መቆም፣ ራስን ማጋለጥ፣ ሌላውንም ማጋለጥ የሚባል ሥርዓት ነበረው። ባዳው ጠቡ እውነት መስሎት ዝም አላለም፤ መዝገብ ከፈተበት። ያን ጊዜ ወንድም በንዴት የተናገረው አንድ ቃል ለወንድሙ የክስ ጭብጥ ሆነ።

አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ቤተሰቦች ነበሩ። ልጇን ማልቀስ የተከለከለች እናት ነበረች። አደባባዩ ጥግ በ2002 የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በር ላይ የሦስት ሴቶች ሐውልት ቆሟል፤ ከሥሩ የተጻፈው አራት ልጆቿን በአንድ ቀን የተነጠቀች እናት ቃል ነው። ወደ ውስጥ ሲዘልቁ በግድግዳው ላይ በፎቶ የተደረደሩት ፊቶች በአብዛኛው አፍሮ ያጎፈሩ ልጆች ናቸው።

ከዚያ ዘመን የተረፉት ወላጆች ልጆቻቸውን በሌላ አባባል አሳደጉ፦ «ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ»። ማንም አይፈርድባቸውም። እኔ የማዝነው ለተከተለው ነው። ሳይከራከር ያደገ ልጅ መከራከር ሲጀምር መጠኑን አያውቅም። ተቃውሞን ከጥላቻ ለይቶ ቤት ውስጥ ሳይለማመድ የወጣ ሰው ትምህርቱን ያገኘው ከአደባባይ ነው፤ አደባባይ ደግሞ ጩኸትን እንጂ መጠንን አያስተምርም።

በ1997 ምርጫ ይህ ታየ። ሚያዝያ 29፣ ቅዳሜ፣ ገዢው ፓርቲ ኢሕአዴግ ደጋፊዎቹን መስቀል አደባባይ ጠራ፤ በማግስቱ እሁድ ተቃዋሚዎች ያንኑ አደባባይ በሰው አጥለቀለቁት። ከአንድ ግቢ አባት ቅዳሜ የኢሕአዴግን የንብ ምልክት ይዞ፣ ልጅ እሁድ ሁለት ጣቱን ቀስሮ የወጡበት ቤት ብዙ ነበር። ግንቦት 7 ቀን በተሰጠው ድምፅ አዲስ አበባ ሃያ ሦስቱንም የፓርላማ ወንበር ለተቃዋሚ ሰጠች። ሰኔ 1 ለተቃውሞ በወጡ ሰዎች ላይ ጥይት ተተኮሰ፣ ጥቅምትም ደገመው። በሰኔና በጥቅምት መካከል ባለው ክረምት አባትና ልጅ ለሰላምታ እንኳ እናትን በአስተርጓሚነት የሚጠቀሙባቸው ቤቶች ነበሩ፤ «ለልጅሽ ንገሪው»፣ «ለዚያ ሰውዬ በይው»። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ተረቱ አሸንፏል ማለት ይቻላል። ልጁ በአፈሳ ሲወሰድ የንቧ አባት ነው ምሳ ቋጥሮ ፖሊስ ጣቢያ ደጅ የጠናው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ሌላ ዓይነት ነው። ድሮ ወንድምህ የሚጠይቅህ «ምን ታስባለህ?» ነበር፤ አሁን «የማን ነህ?» ሆነ። ሐሳብ ይለወጣል፣ ሰው በክርክር ይረታል፣ ያረጃል፣ ይሰለቻል፤ ትውልድ ግን በክርክር አይለወጥም። የድሮው የቀበሌ መታወቂያ «ብሔር» የምትል መስመር ነበረችው፤ እዚያ ላይ የሚሞላው በአባት በኩል ነበር። እንግዲህ ከአንዲት እናት ተወልደው ከሁለት አባት የሆኑ ልጆችን አስቡ፤ እንዲህ ያለ ቤት በካዛንቺስ ብርቅ አልነበረም። ተረቱ «የእናት ልጅ» ብሎ የሚያስተሳስራቸውን መታወቂያው በአባት ይለያያቸዋል። ከጥቅምት 24 ቀን 2013 የሰሜኑ ጦርነት እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያ ስምምነት ባለው ጊዜ ያችን መስመር ያላነበበ ማን አለ? ወደ ትግራይ ስልክ ተቋርጦ፣ እናቷ በሕይወት መኖር አለመኖሯን የማታውቅ ሚስት ሶፋው ላይ ተቀምጣ፣ የባሏ ወንድም ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደርጋል። አንዳንዱ ሰው የሚበድለው በቃል አይደለም፤ በሪሞት ነው። በኋላ አማራ ክልል ጦርነት ሲነሳ ደግሞ ሪሞቱ እጅ ለወጠ።

እዚያው ሰፈር ደግሞ ምንም ብሔር የሌለበት፣ ግን ከዚህ ያልተናነሰ ጠብ አውቃለሁ። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ነው የተነሳው። ታላቅ ወንድምና ታናሽ እኅት ናቸው፤ ያደጉት በአንድ የቀበሌ ቤት፣ በአዋጅ 47/1967 ከባለቤቱ ተወርሶ በቆየ ቤት ውስጥ ነው። እኅት ከነልጆቿ ገላን ጉራ ቤት ደረሳት። ወንድም ደግሞ መናኸሪያው አካባቢ ቁርስ ቤት ነበረው፤ ደንበኞቹ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችና የሚኒባስ ረዳቶች ነበሩ። ፋሲካን እሷ ዘንድ ሊያከብሩ ተሰበሰቡ። ዶሮው ከመቅረቡ በፊት ተጀመረ።

«ጋሼ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሽንት ቤት በወረፋ ነው የኖርኩት። አሁን በሬን ዘግቼ ውኃ እለቃለሁ። ይህን ላላመሰግን ነው?»

«አመስግኚ። እኔ ግን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት የምነሳበት ምክንያት ፈርሷል። እሱን ማን ይመልስልኝ?»

«አንተ ሁሉ ነገር ላይ መንግሥትን ነው የምትጠላው።»

«አንቺ ደግሞ ቧንቧ ላሳየሽ ሁሉ ታጨበጭቢያለሽ።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ማስታረቅ የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው፤ አንዱ ተሳስቶ ቢሆን ሽማግሌ ይበቃ ነበር። ተረቱን ይዤ ብገባ ምን እላለሁ? «ጠባችሁ እውነት የሚመስለው ለእኔ ነው» ልበላቸው? የእሱ ገቢ እውነት ነው፣ የእሷም ውኃ እውነት ነው። ፖለቲካ ሰው ቤት የሚገባው በርዕዮተ ዓለም ስም ቢሆንም የሚቀመጠው በኑሮ ላይ ነውና «ይህ ምን ያጣላል» የሚባል አይደለም። አበው ይህን የሳቱት ይመስለኛል። ወይም ተረቱ ሲነገር መንግሥት እንዲህ ጓዳ ድረስ አይገባም ነበር።

ካዛንቺስ ለእንዲህ ያለው ጠብ አንድ መላ ነበራት፤ አዝማሪ ቤት። ፈንድቃን የመሰሉ ቤቶች በነበሩበት ዘመን ሰው የማይናገረውን ለአዝማሪው ሹክ ይላል፤ «ተቀበል» ይላል፤ አዝማሪው በማሲንቆ አስውቦ ይመልሰዋል። ማዶ ያለው ጠረጴዛ የተወረወረው ለእሱ መሆኑን ያውቃል፤ ይስቃል፣ ብር ይሸልማል፣ የራሱን ግጥም ይሰጣል። ዘለፋው በሦስተኛ ሰው አፍ ስላለፈ ማንም ማንንም አልሰደበም። በኅዳር ቢሆን በግንቦት፣ መንግሥት ቢወጣ ቢወርድ፣ ሁለቱ ጠረጴዛዎች ሌሊቱን አንድ ላይ ይወጣሉ። አሁን ሦስተኛው ሰው ስልክ ነው። ስልክ አያስውብም፣ አይስቅም፣ ደግሞም አይረሳም።

ዕድሩም ሌላው መላ ነበር። ዕድርተኛ በፓርቲ ቢለያይ፣ ዓመት ሙሉ ቢኮራረፍ፣ ጥሩንባ ሲነፋ ግን ይወጣል፤ ያልወጣ ይቀጣል። ለቅሶ ላይ ከጠላህ ሰው አጠገብ መቀመጥ ግዴታ ነው። በሰፈሩ መበተን ከጠፋው ሁሉ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ግዴታ ነው፤ ገላን ጉራ ያለችው እኅትና ቂርቆስ የቀረው ወንድም አሁን የሚገናኙት ሲፈልጉ ብቻ ነው፤ የተኳረፈ ሰው ደግሞ አይፈልግም።

ውጭ አገር ያሉትማ ይህን ቀድመው ቀምሰውታል። ሲኖዶሱ ለሁለት ተከፍሎ በቆየባቸው ከሃያ የሚበልጡ ዓመታት በዋሺንግተን አንድ ቤተሰብ እሁድ ጠዋት በሁለት መኪና ወደ ሁለት ቤተ ክርስቲያን ይሄድ ነበር። አባቶች በሐምሌ 2010 ታረቁ፤ በስደት የቆዩት ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስም በዚያው ወር አገራቸው ገቡ። ሲኖዶሱ አንድ ሲሆን ሁለቱ መኪኖች ግን በየቦታው ወዲያው አልተገናኙም። ከላይ የሚወርድ ዕርቅ ቤት እስኪደርስ ይዘገያል፤ ጠቡ ግን ሲወርድ እንደዚያ አልዘገየም ነበር።

እንግዲህ ብያኔዬ ይኸው ነው፦ ተረቱ ስለ ወንድማማች ሲናገር ግማሹን ስቷል፤ ስለ ባዳው ሲናገር ግን አልሳተም። የእናት ልጆች በፖለቲካ ሲጣሉ ጠቡ እውነት ነው፤ እንዳይመስል ማድበስበስም ኮረንቲውን ግድግዳ ውስጥ መቅበር ነው። ቤት ፈትቶ፣ ሰው ገድሎ ያየነው ግን ጠቡ ሳይሆን ጠቡ ለሌላ መሰጠቱ ነው፤ በ1969 ለቀበሌ፣ ዛሬ ለስክሪን። ስለዚህ አንባቢዬ፣ ወንድምህ በቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ያበደ ነገር ሲጽፍ መልስለት፣ ተከራከረው፣ ከፈለግህም ተቆጣው። ስክሪንሾት አንስተህ ለጓደኞችህ ግን አትላክ። የላክኸው ካለ ዛሬውኑ አጥፋው፤ እንዲያጠፉትም ለምናቸው።