ቁጥሩ ውስጥ ያለው ትርጉም የማን ነው?

ፊደልን በቁጥር የተካ የሀብት ፍለጋ እንቆቅልሽ የፍልስፍና ጥያቄ ያስነሳል፦ ፈቺው ያገኘው ትርጉም ቀድሞ የነበረ ነው ወይስ እሱ ራሱ ያስገባው? ክላውድ ሻነን በ1949 ባሳተመው ጥናት መሠረት፣ በተራ የፊደል ምትክ የተሰወረ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ 30 ፊደል ሲደርስ ስሜት የሚሰጥ ፍቺው አንድ ብቻ ይሆናል። ከዚያ ያጠረው ብዙ ንባብ ይቀበላል።

ርዝመት ብቻውን ግን አይበቃም። በ1885 ቨርጂኒያ ውስጥ የታተመ አንድ ቡክሌት፣ ቢል የተባለ ሰው ቀበረው ስለሚባል ወርቅና ብር ሦስት የቁጥር ጽሑፎች ይዟል። ሁለተኛው በአሜሪካ የነጻነት አዋጅ ተፈቷል፤ ቁጥሩ የአዋጁን ቃል ተራ ያመለክታል፣ የቃሉ መነሻ ፊደል ይወሰዳል። 115 «ኢንስቲትዩትድ» ላይ ስለሚያርፍ «አይ»ን ይሰጣል። ቦታውን ይናገራል የተባለው የመጀመሪያው ጽሑፍ በዚያው አዋጅ ሲሞከር ዝብርቅርቅ ይወጣል፤ መሐሉ ላይ ግን ፊደላቱ በኤ፣ ቢ፣ ሲ ተራ ለመሰለፍ ምንም አይቀራቸውም። ይህ አጋጣሚ ነው ማለት ይከብዳል። ጂም ጊሎግሊ በ1980 ይህን አሳይቶ ጽሑፉ መልእክት የለሽ ቀልድ ሳይሆን አይቀርም ብሏል፤ ሙግቱም ጠንካራ ነው። ሥርዓት የጸሐፊን እጅ ይመሰክራል እንጂ ጸሐፊው የሚናገረው ነገር እንደነበረው አያረጋግጥም። ሀብቱ ተቀብሮበታል በሚባለው የቤድፎርድ አውራጃ የቆፈሩት ፈላጊዎች ግን ሁለቱን አንድ አድርገው ነው የያዙት።